ሲፋን ሀሰን ማን ናት? ከአዳማ እስከ ፓሪስ፣ በአንድ ርቀት አልወሰን ያለችው ሯጭ

ስለ ሲፋን ሀሰን አንድ ነገር በለጠፍን ቁጥር ኮሜንት መስጫው ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ «የአዳማ ልጅ፣ የኛ ናት» ይላል። ሌላው ግማሽ «ለሆላንድ እየሮጠች የልጆቻችንን ወርቅ ነጠቀች እንጂ ምኗ የኛ ነው» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ ወደ ስድብ ይወርዳል፣ እኛም ኮሜንቱን እንዘጋለን። ዛሬ ታሪኳን ከመጀመሪያው አንስተን አንድ ቦታ ላይ ልናስቀምጥላችሁ ነው። ሴቭ አድርጋችሁ ያዙት፤ ለሚቀጥለው ክርክር ይጠቅማችኋል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ የፈረንጆች ናቸው።

በአጭሩ ለሚፈልግ፦ ሲፋን በጥር 1993 አዳማ ተወለደች፣ አርሲ ውስጥ አደገች፣ በ15 ዓመቷ ስደተኛ ሆና ኔዘርላንድስ ገባች። ስድስት የኦሊምፒክ ሜዳሊያ አላት፤ ሦስቱ ወርቅ፣ ሦስቱ ነሐስ። ሜዳሊያዎቹ የመጡት ከ1,500 ሜትር፣ ከ5,000 ሜትር፣ ከ10,000 ሜትር እና ከማራቶን ነው። በእነዚህ በአራቱም ርቀቶች የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ያላት ሌላ ሴት የለችም።

አሁን ወደ ዝርዝሩ።

አዳማ እና ቀርሳ

ሲፋን የተወለደችው አዳማ ይሁን እንጂ ልጅነቷን ያሳለፈችው በአርሲ ዞን፣ ሙኔሳ ወረዳ፣ ቀርሳ ውስጥ ነው። ለኛ ለቡልቡላ ሰዎች ሩቅ አገር አይደለም። ከላንጋኖ ሐይቅ ማዶ ወደ ምሥራቅ ቀና ስንል የሚታየን ያ ደጋ ነው። ትንሽ አለፍ ሲሉ በቆጂ አለ። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ የወጡበት በቆጂ ማለት ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴም የአሰላ አካባቢ ልጅ ነው።

ስለዚህ ብዙ ሰው «በቃ፣ የአርሲ አየርና የአርሲ ዳገት ነው የሠራት» ብሎ ይደመድማል። ነገሩ ግን እንደዚያ ቀላል አይደለም። ከበቆጂ የወጡት ልጆች መንገድ የታወቀ ነው፦ የትምህርት ቤት ውድድር፣ ከዚያ የአካባቢ አሰልጣኝ፣ ከዚያ አዲስ አበባ ያለ ክለብ፣ ከዚያ ብሔራዊ ቡድን። ሲፋን ከእነዚህ ደረጃዎች አንዱንም አልረገጠችም። ከአገር ስትወጣ የማንም ክለብ አትሌት አልነበረችም። የኢትዮጵያን ማሊያ ለብሳ ተወዳድራ አታውቅም። «ከዳችን» የሚለው ወቀሳ መጀመሪያ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ አገር የለወጠች አትሌት ሳትሆን፣ አገር ከለወጠች በኋላ አትሌት የሆነች ልጅ ናት።

በ2008 ኔዘርላንድስ ስትገባ ታዳጊ ነበረች። እንዴትና ለምን እንደወጣች በዝርዝር ማውራት አትወድም፤ ጋዜጠኞች በጠየቋት ቁጥር ወሬውን ወደ ሌላ ታዞረዋለች። መብቷ ነው፤ እኛም ከዚህ አልፈን አንጎረጉርም።

ነርስ ልትሆን ነበር

ኔዘርላንድስ እንደገባች ቋንቋውን ተምራ ነርስነት ማጥናት ጀመረች። ሩጫው ከትምህርቱ ጎን ለጎን ነበር። በ2011 በአይንድሆቨን ከተማ በተካሄደ ግማሽ ማራቶን ገብታ በ1 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ አሸነፈች። በኛ አገር መለኪያ ይህ ሰዓት ማንንም አያስደነግጥም። ግን ዓለም አቀፍ ስም የሌላት የ18 ዓመት ልጅ ናት፣ ያውም በ21 ኪሎ ሜትር!

በኅዳር 2013 የኔዘርላንድስ ዜግነት አገኘች። በቀጣዩ ወር ሰርቢያ፣ ቤልግሬድ ላይ በአውሮፓ አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ከ23 ዓመት በታች ወርቅ ወሰደች። በ2014 ዙሪክ ላይ በአውሮፓ ሻምፒዮና 1,500 ሜትር ወርቅ፣ 5,000 ሜትር ብር። በዚህ ጊዜ የምትሠለጥነው ፓፔንዳል በሚባለው የአገሪቱ የስፖርት ማዕከል፣ በአሰልጣኝ ሆኖሬ ሁት ሥር ነበር።

የሚቀጥሉትን ዓመታት በፍጥነት እንለፋቸው። 2015 ቤጂንግ፣ የዓለም ሻምፒዮና፣ 1,500 ሜትር ነሐስ፤ ወርቁ የገንዘቤ ዲባባ ነበር። 2016 ፖርትላንድ፣ የዓለም የቤት ውስጥ ሻምፒዮና፣ 1,500 ሜትር ወርቅ፤ ከኋላዋ የገቡት ዳዊት ሥዩም እና ጉዳፍ ጸጋይ ናቸው። ሪዮ ኦሊምፒክ ላይ በ1,500 አምስተኛ ወጣች፣ አለቀሰ ጉዳዩ። 2017 ለንደን ላይ በ5,000 ነሐስ፤ ከፊቷ ሄለን ኦቢሪ እና አልማዝ አያና ነበሩ። ስሞቹን አስተውሉ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ወይ የምትቀድማቸው ወይ የሚቀድሟት የኛ ልጆች ናቸው።

ዶሃ፣ አሰልጣኙ የተባረረበት ሳምንት

ከሪዮ በኋላ ሲፋን ወደ አሜሪካ፣ ፖርትላንድ ሄዳ አልቤርቶ ሳላዛር የሚመራውን የናይኪ ኦሬጎን ፕሮጀክት ተቀላቀለች። ይህ ሰው የዚያን ጊዜ በዓለም ከታወቁት አሰልጣኞች አንዱ ነበር፤ ስሙ ግን ለዓመታት ከአበረታች መድኃኒት ጥርጣሬ ጋር ይነሳ ነበር።

በሐምሌ 2019 ሞናኮ ላይ ሲፋን አንድ ማይል በ4 ደቂቃ ከ12.33 ሰከንድ ሮጠች። ከ1996 ጀምሮ በሩሲያዊቷ ስቬትላና ማስተርኮቫ እጅ የነበረውን የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች ማለት ነው። ከዚያ መስከረም መጨረሻ ላይ ዶሃ ተከተለ።

የዶሃውን ሳምንት ቀን በቀን ብታዩት ፊልም ነው። መስከረም 28 ምሽት 10,000 ሜትር ሮጣ ለተሰንበት ግደይን ቀድማ ወርቅ ወሰደች። የመጨረሻውን 1,500 ሜትር የሸፈነችው ከ4 ደቂቃ በታች በሆነ ጊዜ ነው። ከሁለት ቀን በኋላ የአሜሪካ ፀረ አበረታች መድኃኒት ኤጀንሲ ሳላዛርን ለአራት ዓመት አገደ፤ ከሻምፒዮናውም ተባረረ። ሲፋን ያለ አሰልጣኝ ቀረች፣ ዓለም ሁሉ በጥርጣሬ ያያት ጀመር። በእሷ ላይ ግን የቀረበ ምንም ክስ አልነበረም። ጥቅምት 5 ወጥታ 1,500 ሜትር በ3 ደቂቃ ከ51.95 ሰከንድ አሸነፈች፤ የአውሮፓ ክብረ ወሰን። ከውድድሩ በኋላ በንዴት የተናገረችው፣ የፈለገ በየቀኑ፣ በየደቂቃው ሊመረምረኝ ይችላል የሚል ነበር።

1,500 እና 10,000ን በአንድ የዓለም ሻምፒዮና ያሸነፈ ሰው ከእሷ በፊት አልነበረም። ለምን እንደሚያስገርም ለማይገባው ሰው፦ 1,500 የፍጥነት ውድድር ነው፣ አራት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። 10,000 ደግሞ ትራኩን 25 ጊዜ መዞር ነው፣ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሥልጠናቸው ለየቅል ነው።

ኦሬጎን ፕሮጀክት ወዲያው ተዘጋ። ሲፋን እዚያው ረዳት ከነበረው ከቲም ሮውበሪ ጋር ቀጠለች።

ሁለት ቀን የቆየው ክብረ ወሰን

በመስከረም 2020 ብራስልስ ላይ በአንድ ሰዓት ውስጥ 18 ሺህ 930 ሜትር ሮጣ የሰዓት ክብረ ወሰኑን ወሰደች። ይኼ በየጊዜው የሚካሄድ ውድድር ስላልሆነ ብዙ ሰው ረስቶታል። ለኛ የሚያስታውሰን ግን አለ። ከዚያ በፊት ከ2008 ጀምሮ ክብረ ወሰኑን ይዛ የቆየችው ሌላ የአርሲ ልጅ፣ ድሬ ቱኔ ነበረች።

ሰኔ 6 ቀን 2021 ደግሞ ኔዘርላንድስ ውስጥ ሄንግሎ በምትባል ከተማ 10,000 ሜትርን በ29 ደቂቃ ከ06.82 ሰከንድ ጨረሰች። አልማዝ አያና ሪዮ ላይ ያስመዘገበችው አስደናቂ ሰዓት ተሰበረ። ሆላንዶች ደስታቸውን አጣጥመው ሳይጨርሱ፣ በሁለተኛው ቀን እዚያው መም ላይ የኢትዮጵያ ቡድን የኦሊምፒክ ማጣሪያውን አካሄደ። ለተሰንበት ግደይ 29 ደቂቃ ከ01.03 ሰከንድ ሮጣ ክብረ ወሰኑን ወሰደችው። ሁለት ቀን! በአትሌቲክስ ታሪክ እንዲህ ያለ ነገር ደጋግሞ አይታይም።

ቶኪዮ፣ ስድስት ውድድር በዘጠኝ ቀን

ሲፋን ቶኪዮ ላይ 1,500፣ 5,000 እና 10,000 ሦስቱንም እሮጣለሁ አለች። ማጣሪያው ሲደመር ስድስት ውድድር፣ 24 ሺህ 500 ሜትር። ባለሙያዎች እብደት ነው አሉ።

ነሐሴ 2 ጠዋት የ1,500 ማጣሪያ ነበር። የመጨረሻው ዙር ሲጀመር ከፊቷ የነበረችው ኬንያዊት ስትወድቅ ሲፋንም እላይዋ ላይ ተሰናክላ ወደቀች። ቪዲዮውን ያላያችሁ ፈልጋችሁ እዩት። ተነስታ፣ ከሁሉም ኋላ ሆና፣ በአንድ ዙር አንድ በአንድ እየለቀመች አንደኛ ገባች። ማጣሪያ እኮ ነው! አንደኛ መውጣት ግድ አልነበረባትም።

በዚያው ቀን ማታ የ5,000 ፍጻሜ ነበር። ኦቢሪን እና ጉዳፍን ቀድማ ወርቁን ወሰደች። ኋላ ለጋዜጠኞች ስትናገር ከመውደቋ በኋላ ድካሙ አልለቅ ብሏት እንደነበር፣ ቡና ባልጠጣ ኖሮ ሻምፒዮን አልሆንም ነበር ብላ ቀልዳለች። የቡና አገር ልጅ አይደለች?

ነሐሴ 6 የ1,500 ፍጻሜ መጣ። እዚህ ላይ ፌይዝ ኪፕዬጎን አልተቻለችም፤ ሲፋን ነሐስ አገኘች። በማግስቱ፣ ነሐሴ 7፣ 10,000 ሜትር በዚያ በሚያፍን ሙቀት ተካሄደ። ለተሰንበት ከፊት እየመራች ሁሉንም ልታደክም ሞከረች፤ አንድ በአንድ ተንጠባጠቡ፣ ሲፋን ግን ከጀርባዋ አልተላቀቀችም። በመጨረሻው መታጠፊያ ወጥታ አሸነፈች። ሁለተኛ ለባሕሬን የምትሮጠው ቃልኪዳን ገዛኸኝ፣ ሦስተኛ ለተሰንበት።

ያንን መድረክ አስቡት። ሦስቱም ኢትዮጵያ የተወለዱ ሴቶች ናቸው። የተሰቀለው ባንዲራ ግን የኔዘርላንድስ፣ የባሕሬን እና የኢትዮጵያ ነው።

የሦስት ሰው ወንበር

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ምክንያቱም ስለ ሲፋን የሚደረገው ክርክር ብዙ ጊዜ አንድ ቁልፍ ነገር ይዘላል። በኦሊምፒክ አንድ አገር በአንድ ርቀት ማሰለፍ የምትችለው ቢበዛ ሦስት አትሌት ነው። ኔዘርላንድስ በሴቶች 10,000 ሚኒማ የሚያሟሉ ሦስት ሰዎች ማግኘት ራሱ ይቸግራታል። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ሚኒማውን የሚያሟሉት ብዙ ናቸው። የዓለም ምርጥ ሰዓት ይዛ አራተኛ የወጣች ልጅ ቤቷ ተቀምጣ ኦሊምፒክን በቴሌቪዥን ታያለች።

እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ «እኔ ሦስት ርቀት ልሩጥ» ማለት የሁለት እህቶችን ወንበር ልውሰድ እንደማለት ነው። አሰልጣኙም፣ ፌዴሬሽኑም፣ ደጋፊውም ይጮሃል። ስለዚህ ልጆቻችን ገና በጠዋቱ «አንቺ የ5 ሺ ነሽ»፣ «አንቺ የማራቶን ነሽ» ይባላሉ። ሲፋን ይህን የሚላት አልነበረም። የፈለገችውን ሞከረች፣ ከተሳካ ቀጠለች። ተሰጥኦዋን አሳንሰን አይደለም፤ ግን ያ ነፃነት ባይኖር ያ ተሰጥኦ ይህን መልክ ይይዝ ነበር ወይ? አይመስለንም።

ፈጽሞ አይቻልም ግን አንልም። ጥሩነሽና ቀነኒሳ ቤጂንግ 2008 ላይ 5 ሺንም 10 ሺንም አሸንፈዋል። ጉዳፍ ጸጋይም ፓሪስ 2024 ላይ 1,500፣ 5,000 እና 10,000 ሦስቱንም ሮጣለች፤ ሜዳሊያ ግን አላገኘችም። የጉዳፍ ሙከራ በራሱ የሲፋንን ነገር ክብደት ያሳያል።

ለንደን፣ ቡዳፔስት፣ ቺካጎ

2022 ደካማ ዓመቷ ነበር። ከቶኪዮ በኋላ ረጅም እረፍት ወስዳ ዩጂን ላይ በ10,000 አራተኛ፣ በ5,000 ስድስተኛ ወጣች። አበቃላት የሚሉ ነበሩ።

በሚያዝያ 2023 ለንደን ላይ የመጀመሪያ ማራቶኗን ሮጠች። ይኼ ውድድር ለብቻው ጽሑፍ ይገባዋል። ልምምዷ ከረመዳን ጾም ጋር ገጥሞ ነበር። ጠዋት ከፍርሃት የተነሳ አልቅሳ እንደነበር ራሷ ተናግራለች። ወደ ግማሽ መንገድ ስትቃረብ ዳሌዋን አመማት፤ ቆመች። አዎ፣ ቆማ እግሯን አፍታታች፣ ሮጠች፣ ደግማ ቆመች። መሪዎቹ ከዓይን እየራቁ ሄዱ፣ የቴሌቪዥን ተንታኞችም ረሷት። ቀስ ብላ ግን ደረሰችባቸው። የውሃ ጠርሙስ ለመውሰድ መንገድ ስታቋርጥ ከሞተር ሳይክል ጋር ልትጋጭ ለትንሽ ተረፈች። በመጨረሻዎቹ ሜትሮች የትራክ ፍጥነቷን አውጥታ 2 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ከ33 ሰከንድ በሆነ ሰዓት አሸነፈች። መገርቱ አለሙ በአራት ሰከንድ ሁለተኛ፣ የቶኪዮዋ የኦሊምፒክ ማራቶን ሻምፒዮን ፔሬስ ጄፕቺርቺር በአምስት ሰከንድ ሦስተኛ።

ነሐሴ ላይ ቡዳፔስት፣ የዓለም ሻምፒዮና። የ10,000 ፍጻሜ የመጨረሻ ሜትሮች ላይ ሲፋን ከፊት፣ ጉዳፍ ጎን ለጎን። መስመሩ ሊደርስ ጥቂት ሲቀር ሲፋን ተንገዳግዳ ወደቀች። ጉዳፍ፣ ለተሰንበት፣ እጅጋየሁ ታዬ ተከታትለው ገቡ፤ አረንጓዴው ጎርፍ መድረኩን ጠቅልሎ ወሰደው። የኛ ሰው በደስታ ጮኸ፤ እውነቱን ለመናገር እኛም ጮኸናል። ሲፋን ተነስታ 11ኛ ሆና ጨረሰች። ከዚያ በሳምንቱ ውስጥ 1,500 ላይ ነሐስ፣ 5,000 ላይ ከኪፕዬጎን ለጥቂት ዘግይታ ብር ወሰደች። የወደቀችበትን ቀን ጨምሮ በዚያ ሻምፒዮና ስንት ጊዜ ሮጣ እንደነበር አስሉት።

ጥቅምት ላይ ቺካጎ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ13 ደቂቃ ከ44 ሰከንድ አሸነፈች። ያኔ በሴቶች ማራቶን ከዚህ የፈጠነ አንድ ሰዓት ብቻ ነበር፤ ከሁለት ሳምንት በፊት በርሊን ላይ ትዕግስት አሰፋ የሮጠችው 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ። እነዚህ ሁለት ስሞች በሚቀጥለው ዓመት ተገናኙ።

ፓሪስ፣ የመጨረሻው መታጠፊያ

ለፓሪስ 2024 ሲፋን 1,500ን ትታ 5,000፣ 10,000 እና ማራቶንን መረጠች። ይህን ጥምረት በአንድ ኦሊምፒክ አሸንፎ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የቼኮዝሎቫኪያው ኤሚል ዛቶፔክ፣ ሄልሲንኪ 1952። ከእሱ በኋላ በሦስቱም ሜዳሊያ ያገኘ ማንም አልነበረም።

ነሐሴ 5 በ5,000 ነሐስ። ነሐሴ 9 ማታ በ10,000 ሌላ ነሐስ። ሁለቱንም ያሸነፈችው ኬንያዊቷ ቢያትሪስ ቼቤት ናት። የማራቶኑ መነሻ ነሐሴ 11 ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ነበር፤ ከ10,000 ሜትሩ 35 ሰዓት ገደማ በኋላ ማለት ነው። ሌሎቹ ለወራት ለዚያች አንድ ቀን ሲዘጋጁ የቆዩ ናቸው።

መንገዱ ከፓሪስ ወደ ቬርሳይ ደርሶ የሚመለስ ነው። በ1789 የፓሪስ ሴቶች ዳቦ አጣን ብለው ወደ ንጉሡ ቤተ መንግሥት የተጓዙበትን መንገድ እንዲያስታውስ ተደርጎ የተቀረጸ ነው። ዳገቱ ለማራቶን የማይታሰብ ዓይነት ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜም የሴቶቹ ማራቶን ከወንዶቹ በኋላ፣ የኦሊምፒኩ መዝጊያ ቀን ላይ ተደረገ።

ሲፋን ብዙውን መንገድ ከመሪዎቹ ጀርባ ነበረች፤ ዳገቱ ላይ ትንሽ እየራቀች፣ ቁልቁለቱ ላይ እየደረሰች። 40 ኪሎ ሜትር ላይ አምስት ሰው ቀረ፦ ሲፋን፣ ትዕግስት፣ አማኔ በሪሶ፣ እና ሁለቱ ኬንያውያን ኦቢሪና ሻሮን ሎኬዲ። መጨረሻው ሲቃረብ ሁለት ሆኑ።

የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ትዕግስት ቀድማለች። ሲፋን በውስጥ በኩል ልታልፍ ገባች፤ ትዕግስት መንገዱን ልትዘጋ ወደ አጥሩ ጠጋች። ትከሻ ለትከሻ ተገፋፉ፣ ክርናቸው ተነካካ። ከ42 ኪሎ ሜትር በኋላ! ሲፋን ሾልካ ወጥታ በ2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ ገባች፤ ትዕግስት በሦስት ሰከንድ ተከተለች፤ ኦቢሪ ሦስተኛ። ሰዓቱ ቲኪ ገላና ለንደን 2012 ላይ ያስመዘገበችውን የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን የሰበረ ነው።

ኢትዮጵያ አቤቱታ አቀረበች፤ ዳኞቹ አልተቀበሉትም። ያን ቀን ስልካችሁን የከፈታችሁ ታስታውሳላችሁ፣ ሌላ ወሬ አልነበረም። «ገፍታታለች» የሚለውም «ትዕግስት ናት መንገድ የዘጋችው» የሚለውም ያንኑ ሃያ ሰከንድ ቪዲዮ ይለጥፋል። እኛ ደጋግመን አይተን የደረስንበት፣ ሁለቱም ለወርቅ የሚታገሉ ሰዎች የሚያደርጉትን አደረጉ የሚል ነው። መታጠፊያ ላይ ሁሉም አጭሩን መንገድ ይፈልጋል። አንዷ ቀድማ ይዛዋለች፣ ሌላዋ ክፍተት አየች። ትዕግስትም ብትሆን የቀድሞ የ800 ሜትር ሯጭ ናት፤ ሪዮ ላይ በ800 የተወዳደረች፣ መጋፋትን የምታውቅ።

ማታ፣ በመዝጊያው ሥነ ሥርዓት ላይ፣ ሲፋን ሒጃብ አድርጋ ወጥታ ወርቁን አጠለቀች። ስትሮጥ ሒጃብ ስለማታደርግ ብዙዎች ተገረሙ። ነገሩ ትልቅ ወሬ የሆነበት ምክንያት፣ አዘጋጇ ፈረንሳይ የራሷን አትሌቶች በጨዋታው ላይ ሒጃብ እንዳያደርጉ ከልክላ ስለነበር ነው።

ፓሪስ ላይ በአጠቃላይ የሮጠችው 62 ሺህ 195 ሜትር ነው። በዓመቱ መጨረሻ የዓለም አትሌቲክስ በሴቶች የዓመቱ ምርጥ አትሌት አድርጎ መረጣት።

ታዲያ የማን ናት?

የሕጉ መልስ አጭር ነው። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትፈቅድም፤ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው የኢትዮጵያ ዜግነቱ ይቀራል። ሲፋን በሕግ ኔዘርላንዳዊት፣ በትውልድ ኢትዮጵያዊት ናት። በሚዲያ «ትውልደ ኢትዮጵያዊት» የሚባለው ለዚህ ነው።

ልብ የሚለው ግን ሌላ ነው። የቀርሳ ሰው ስለ ልጁ ስኬት እንዲደሰት የማንም ፈቃድ አያስፈልገውም። በሌላ በኩል ትዕግስት ስትሸነፍ አንጀቱ ያረረውን ሰውም «ጠባብ ነህ» ማለት ልክ አይመስለንም፤ ለማሊያው ነው የሚደግፈው። እኛ የማንስማማው ከሦስተኛው ወገን ጋር ነው፤ እሷን እየጠቀሰ «አትሌት መሆን የፈለገ ይሰደድ» ከሚለው። እንዲህ ያለ ኮሜንት በተለይ ከኛ አካባቢ ልጆች ደጋግመን አይተናል። ሲፋን የወጣችው ሩጫ ፍለጋ አይደለም፤ ብቻዋን የደረሰች ልጅ ነበረች፣ ነርስ ለመሆን ነበር የምትማረው። ከእሷ ጋር በዚያው ዓመት በዚያው ዕድሜ ከወጡት ስንቶቹ የት እንደደረሱ ማንም አርቲክል አይጽፍም። ደግሞም ፓሪስ ላይ እስከ መጨረሻው ሦስት ሰከንድ የታገለቻት ትዕግስት የሠለጠነችው እዚሁ አገር ቤት ነው።

ከፓሪስ በኋላ

በሚያዝያ 2025 ለንደን ማራቶን ላይ ሁለቱ ተገናኙ። በዚህኛው ትዕግስት በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ አሸነፈች፤ ይህም ያኔ ያለ ወንድ አሯሯጭ በሴቶች ብቻ በሚደረግ ማራቶን የዓለም ክብረ ወሰን ነበር። ሲፋን ሦስተኛ ወጣች። በነሐሴ መጨረሻ ደግሞ ከዓለም ታላላቅ ማራቶኖች ተርታ አዲስ የገባውን የሲድኒ ማራቶን 2 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ በሆነ ሰዓት፣ በቦታው ክብረ ወሰን አሸነፈች። በወንዶቹ ያሸነፈው ኢትዮጵያዊው ኃይለማርያም ኪሮስ ነበር።

የማይል ክብረ ወሰኗን ኪፕዬጎን በ2023 ወስዳዋለች፣ የ10,000ውም እንዳልነው ሁለት ቀን ነው የቆየው። የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ በ2028 ነው፤ ያኔ ሲፋን 35 ዓመቷ ይሆናል።